በአዲሱ ኮንሶል ውስጥ ያለው አሮጌ ማሽን

«ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ» የተባለው የቪዲዮ ጨዋታ በ1985 በጃፓን ለገበያ ሲቀርብ ፕሮግራሙ፣ ሥዕሉና ሙዚቃው በአንድነት 40 ኪሎባይት ብቻ ይይዙ ነበር (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በእጅ ስልክ የሚነሣ አንድ ፎቶግራፍ እንኳ ከዚህ ብዙ እጥፍ ቦታ ይፈልጋል። የኔንቲንዶ ኩባንያ በ2006 «ዊ» የተባለውን ኮንሶል ባወጣ ጊዜ ይህንኑ ጨዋታ በኢንተርኔት መደብሩ በ5 የአሜሪካ ዶላር ይሸጥ ጀመር። የተሸጠው ለዊ ተብሎ እንደገና የተጻፈ ጨዋታ አልነበረም፤ ከሃያ ዓመት በፊት በፕላስቲክ ካርትሪጅ ውስጥ ታሽጎ የነበረው ያው ፕሮግራም ነው።

ለብዙ ሰው ይህ የሚደንቅ ነገር አይመስልም። አዲሱ ማሽን ከአሮጌው እጅግ የፈጠነ ስለሆነ የአሮጌውን ሥራ ቢሠራ ምን ያስገርማል? ዳሩ ግን ፍጥነት ሌላ፣ መግባባት ሌላ ነው። አሮጌው ኮንሶል፣ ማለትም በጃፓን «ፋሚሊ ኮምፒውተር» በሌላው ዓለም ደግሞ «ኔስ» የሚባለው፣ ፕሮሰሰሩ 6502 ከሚባለው የቺፕ ቤተሰብ የተገኘ ነው። ይህ ፕሮሰሰር በፕሮግራሙ ውስጥ 169 እና 5 የሚሉ ሁለት ተከታታይ ቁጥሮችን ሲያገኝ «5 የተባለውን ቁጥር ኤ በሚባለው ሬጅስተር ውስጥ አስቀምጥ» ማለት እንደሆነ ይረዳል። የዊ ፕሮሰሰር ግን ፓወርፒሲ ከሚባል ፍጹም የተለየ ቤተሰብ የመጣ ሲሆን ትእዛዞቹን አራት አራት ባይት እየቆረጠ ያነብባል። ከላይ የጠቀስናቸውን ሁለት ቁጥሮች ብንሰጠው ትርጉማቸውን ማወቅ ቀርቶ ትእዛዙ የት ላይ እንደሚያበቃ እንኳ ሊለይ አይችልም። ትግርኛም አማርኛም በአንድ ፊደል ይጻፋሉ፤ ፊደሉን የቆጠረ ሁሉ ግን ሁለቱንም ቋንቋዎች ያውቃል ማለት አይደለም።

ችግሩን የሚያቃልለው አንደኛው መንገድ አሮጌውን ማሽን በአዲሱ ውስጥ በአካል ማስቀመጥ ነው። የመጀመሪያዎቹ ፕሌይስቴሽን 2 ኮንሶሎች የፕሌይስቴሽን 1ን ፕሮሰሰር በሆዳቸው ይዘው ነበር። የፕሌይስቴሽን 2 ጨዋታ ሲከፈት ይህ ቺፕ ከመቆጣጠሪያውና ከዲስክ ማንበቢያው ጋር እየተመላለሰ እንደ ተላላኪ ያገለግላል፤ የድሮ ዲስክ ሲገባ ደግሞ ወደ ቀድሞ ሥልጣኑ ይመለሳል። ብልህ ዘዴ ነው። ዊም ከእርሱ በፊት የነበረውን የጌምኪዩብን ዲስክ ያለ ችግር ያጫውት የነበረው የሁለቱ ፕሮሰሰሮች አንድ ቤተሰብ ስለሆኑ ነው። በእነዚህ ሁለት ምሳሌዎች ውስጥ የፕሮሰሰር ኢሙሌሽን ገና አልተጀመረም።

ኢሙሌሽን ማለት አንድ ማሽን፣ በሶፍትዌር ኃይል ብቻ፣ ሌላውን ማሽን ሆኖ እንዲሠራ ማድረግ ነው። በአማርኛ «ማስመሰል» ልንለው እንችል ነበር፤ ነገር ግን «አስመሳይ» የሚለው ቃል በቋንቋችን መልካም ስም የለውምና «ኢሙሌተር» በሚለው እንቀጥላለን። ሐሳቡ ከጨዋታ ይልቅ በዕድሜ ይበልጣል። አለን ቱሪንግ በ1936 ባሳተመው ጽሑፍ፣ አንድ በሚገባ የታሰበ ማሽን የሌላውን የማናቸውንም ማሽን መግለጫ ተቀብሎ ሥራውን ሊሠራለት እንደሚችል በሒሳብ አሳይቷል። አይቢኤም ኩባንያ በ1964 ሲስተም 360 የተባለውን አዲስ የኮምፒውተር ቤተሰብ ሲያስተዋውቅ፣ ደንበኞቹ ለ1401 ኮምፒውተር ያጻፏቸውን ፕሮግራሞች እንዳይጥሉ ሲል አንዳንዶቹ ሞዴሎች 1401ን ሆነው እንዲሠሩ አድርጓል። የደመወዝ ሒሳብን ያዳነው ጥበብ ኋላ ማሪዮን አዳነ ማለት ነው።

አስተርጓሚና ተርጓሚ

ኔስን የሚያስመስል ፕሮግራም ምን ምን ሊኖረው ይገባል? በመጀመሪያ የማሽኑን ሁኔታ የሚይዙ ተለዋዋጮች ያስፈልጉታል፤ እነርሱም የፕሮሰሰሩን ጥቂት ሬጅስተሮች የሚወክሉ ቁጥሮችና የኮንሶሉን ሜሞሪ የሚወክል የ2,048 ባይት ሰንጠረዥ ናቸው። ቀጥሎ አንድ የማያቋርጥ ዑደት አለ፦ ቀጣዩን ቁጥር አንብብ፤ የትኛው ትእዛዝ እንደሆነ ለይ፤ ትእዛዙ የሚያመጣውን ለውጥ በተለዋዋጮቹ ላይ ፈጽም፤ ተመለስ። 169 ሲመጣ ተከታዩ ቁጥር ኤ በሚባለው ተለዋዋጭ ውስጥ ይገባል። በእውኑ ዓለም 6502 የለም፤ ነገር ግን 6502 ቢኖር ኖሮ የሚያደርገው ነገር ሁሉ በተራው ይደረጋል።

ይህ ዘዴ የአስተርጓሚን ሥራ ይመስላል። አስተርጓሚ ተናጋሪው አጠገብ ቆሞ እያንዳንዱን ዐረፍተ ነገር እንደተነገረ ይመልሳል፤ ያው ዐረፍተ ነገር ሺህ ጊዜ ቢደገም ሺህ ጊዜ ያስተረጉማል። ተርጓሚ ግን ጽሑፉን አንድ ጊዜ በሌላው ቋንቋ ይጽፈዋል፤ ከዚያ በኋላ አንባቢው ትርጉሙን ብቻ ያነብባል። ፈጣን ኢሙሌተሮች ይህን ሁለተኛውን ዘዴ ይከተላሉ። ፕሮግራሙ እየሄደ ሳለ ቁራጭ ቁራጩን ወደ አዲሱ ፕሮሰሰር ቋንቋ ተርጉመው በሜሞሪ ያስቀምጡታል፤ ያው ቁራጭ ዳግመኛ ሲፈለግ ያለ ትርጉም ድካም ይሮጣል። ለኔስ አስተርጓሚው ይበቃል። እንደ ፕሌይስቴሽን 2 ላሉት ግን ያለ ተርጓሚ የሚታሰብ አይደለም።

የሰዓት ጉዳይ

እስካሁን የተናገርነው ቀላሉን ክፍል ነው። አንድ ትጉህ የሁለተኛ ዓመት የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ የ6502ን ትእዛዞች ሁሉ በጥቂት ሳምንታት ሊጽፋቸው ይችላል። ጨዋታውን ሲከፍት ግን ምናልባት ስክሪኑ ደርቆ ይቀርበታል፤ ምክንያቱም ኮንሶል አንድ ፕሮሰሰር ብቻ ሳይሆን በአንድ ሰዓት የሚመሩ ብዙ ቺፖች ማኅበር ነው።

ኔስ ውስጥ ከፕሮሰሰሩ ሌላ ሥዕል የሚሥል ቺፕ አለ። ፕሮሰሰሩ በሰከንድ 1.79 ሚሊዮን ጊዜ ሲመታ የሥዕሉ ቺፕ በትክክል ሦስት እጥፍ ይመታል። በእያንዳንዱ ምቱም በቴሌቪዥኑ መስመር ላይ አንዲት ነጥብ ወደፊት ይራመዳል። አንድ መስመር 341 ምት ይወስዳል፤ አንድ ሙሉ ሥዕል 262 መስመር አለው (የሚታዩት 240ው ናቸው)፤ ሥዕሉም በሰከንድ 60 ጊዜ ያህል ይታደሳል። በመሆኑም ፕሮሰሰሩ በአንድ መስመር ጊዜ ውስጥ 114 ያህል ምት ብቻ አለው። ዛሬ ያለው ፕሮግራመር ሙሉውን ሥዕል በሜሞሪ አዘጋጅቶ ያቀርባል። በዚያን ጊዜ ግን ለዚህ የሚበቃ ሜሞሪ አልነበረምና ሥዕሉ እየተሣለ፣ ጨረሩ በስክሪኑ ላይ እየሮጠ ሳለ፣ ፕሮግራሙ በመካከል ገብቶ ቅንብሩን ይለውጥ ነበር።

ሱፐር ማሪዮ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። ማሪዮ ወደ ቀኝ ሲሮጥ ምድሩ፣ ቧንቧውና ደመናው ወደ ግራ ይንሸራተታሉ፤ ከላይ ያለው ነጥብና ቀሪ ጊዜ የሚነበብበት መስመር ግን ከቦታው አይነቃነቅም። የሥዕሉ ቺፕ የሚያውቀው አንድ መላ ስክሪን ማንሸራተትን ብቻ ነው። ታዲያ ግማሹ ቆሞ ግማሹ እንዴት ይሄዳል? የጨዋታው ደራሲዎች ከላይ ካለችው የሳንቲም ምልክት ግርጌ ጋር የምትገጥም አንዲት ትንሽ ሥዕል አስቀመጡ። ጨረሩ ይህች ሥዕልና የጀርባው ሥዕል የሚነካኩበት ነጥብ ላይ ሲደርስ ቺፑ አንዲት ምልክት ያነሣል። ፕሮሰሰሩ ሌላ ሥራ ሁሉ ትቶ «ምልክቱ ተነሣ? ምልክቱ ተነሣ?» እያለ በክብ ይጠይቃል። ልክ ሲነሣ የላይኛው መስመር ተሥሎ እንዳበቃ ያውቃልና ጥቂት ጠብቆ የመንሸራተቻውን ቁጥር ይለውጣል።

አሁን የተማሪያችንን ድርቅ ያለ ስክሪን መረዳት እንችላለን። ፕሮሰሰሩን በትክክል አስመስሏል፤ ነገር ግን የሥዕሉ ቺፕ ያችን ምልክት እንዲያነሣ አላደረገም። ስለዚህ ጨዋታው መልስ የማያገኝ ጥያቄ እየጠየቀ ለዘላለም ይቆማል። ምልክቷ ቀድማ ወይም ዘግይታ ብትነሣ ደግሞ ጨዋታው ይሄዳል፤ የላይኛው መስመር ግን ይቆራረጣል ወይም ይንቀጠቀጣል። ኢሙሌተር መልሱን ብቻ ማወቁ አይበቃውም፤ መልሱ በየትኛው የሰከንድ ሚሊዮንኛ እንደሚሰጥ ማወቅ አለበት።

ይህም የአዲሱ ማሽን ፍጥነት የት እንደሚባክን ያሳየናል። የዊ ፕሮሰሰር በሰከንድ 729 ሚሊዮን ጊዜ ይመታል፤ ከኔስ ከ400 ጊዜ በላይ ይፈጥናል። ብዙ ትርፍ ይመስላል፤ ነገር ግን ለእያንዳንዱ የአሮጌው ምት አንድ የፕሮሰሰር እርምጃ፣ ሦስት የሥዕል እርምጃዎችና የድምፁ ሥራ ሁሉ ተሠርተው እርስ በርስ መመሳከር አለባቸው። የጥንቃቄው መጠን ሲጨምር ዋጋውም ይንራል። ኔስን የተከተለው ሱፐር ኔስ የፕሮሰሰሩ ከፍተኛ ፍጥነት 3.58 ሜጋኸርትዝ ብቻ ነበር፤ ቢስኔስ የተባለውን ኢሙሌተር የጻፈው ፕሮግራመር ግን በ2011 እንዳስረዳው ያንን ማሽን አንዲት ምት ሳትዛነፍ ለማስመሰል 3 ጊጋኸርትዝ ያህል የሚሮጥ ኮምፒውተር ያስፈልጋል። ወደ አንድ ሺህ እጥፍ ገደማ ነው። ብዙዎቹ ኢሙሌተሮች ከዚህ በእጅጉ ባነሰ ኃይል የሚሠሩት እያንዳንዷን ምት ሳይሆን ታዋቂ ጨዋታዎች የሚፈልጉትን ያህል ብቻ ስለሚያስመስሉ ነው። ያልታወቀው ጨዋታ ግን በዚህ መካከል ይበላሻል፤ ማንም ስላልተጫወተው መበላሸቱንም የሚያስተውል የለም።

ሦስት ዓይነት ፕሌይስቴሽን 3

በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞቻችን በፕሌይስቴሽን ቤቶች እየከፈለ ኳስ የተጫወተ ሁሉ ፕሌይስቴሽን 2ን ያውቀዋል። በ2000 የወጣው ይህ ኮንሶል በዓለም ዙሪያ ከ150 ሚሊዮን በላይ ተሽጧል። ተተኪው ፕሌይስቴሽን 3 በ2006 መጨረሻ በጃፓንና በአሜሪካ ሲወጣ ሶኒ ኩባንያ የፕሌይስቴሽን 2ን ሁለት ዋና ቺፖች፣ ፕሮሰሰሩን «ኢሞሽን ኤንጂን»ንና የሥዕሉን ቺፕ «ግራፊክስ ሲንተሳይዘር»ን፣ እንዳሉ በውስጡ አስገባቸው። በመጋቢት 2007 አውሮፓ የደረሰው ሞዴል ግን የሥዕሉን ቺፕ ብቻ ያዘ፤ ፕሮሰሰሩ በሶፍትዌር ተተካ፤ አንዳንድ ጨዋታዎችም ያን ጊዜ መሥራት አቆሙ። በዚያው ዓመት መጨረሻ የወጣው ርካሹ ሞዴል ሁለቱንም አስወጣና የፕሌይስቴሽን 2 ዲስክ ጨርሶ የማይቀበል ሆነ።

ፕሮሰሰሩን ያስመሰሉ መሐንዲሶች የሥዕሉን ቺፕ ለምን በአካል አስቀሩት? አንዱ ምክንያት ከቁጥሮቹ ይነበባል። ግራፊክስ ሲንተሳይዘር በውስጡ የነበረው ሜሞሪ 4 ሜጋባይት ብቻ ነበር፤ ነገር ግን ቺፑ ላይ የተሠራ በመሆኑ በሰከንድ 48 ጊጋባይት ያመላልስ ነበር። የፕሌይስቴሽን 3 የሥዕል ቺፕ፣ በስድስት ዓመት ቢያንሰውም፣ ከራሱ ሜሞሪ ጋር የሚመላለሰው በሰከንድ 22 ጊጋባይት ገደማ ነው። በሌላው ነገር ሁሉ የሚበልጠው ልጅ በአንዲት ጠባብ መንገድ ከአባቱ ይዘገያል፤ የፕሌይስቴሽን 2 ጨዋታዎች ደግሞ በዚያች መንገድ ላይ ተመሥርተው የተጻፉ ነበሩ።

ሌላም ስውር ችግር አለ። በዘመናችን ያሉ ፕሮሰሰሮች የአስርዮሽ ቁጥሮችን ሲደምሩና ሲያባዙ አይ ትሪፕል ኢ 754 የተባለውን ዓለም አቀፍ ደንብ ይከተላሉ። ኢሞሽን ኤንጂን ግን ለፍጥነት ሲል ደንቡን በከፊል ትቶታል፦ የመጨረሻውን ቤት ሳያጠጋጋ ይቆርጠዋል፣ «ወሰን የለሽ» የሚባለውንም ቁጥር አያውቅም። ስለዚህ ያው ስሌት በሁለቱ ማሽኖች በመጨረሻው ቤት ላይ የተለያየ መልስ ይሰጣል። አንድ ጊዜ ቢሆን ማንም አያስተውለውም። ነገር ግን ኳስ የት እንደምትወድቅ ወይም ገጸ ባሕሪው ከግድግዳው ወዲህ ነው ወይስ ወዲያ የሚለው በዚያ ቁጥር ላይ ከተመሠረተና ስሌቱ በሰከንድ ስድሳ ጊዜ ከተደጋገመ፣ ሰውየው ግድግዳውን አልፎ ወደ ባዶ ሊወድቅ ይችላል። አዲሱ ማሽን ትክክለኛውን መልስ ማግኘቱ አይጠቅመውም፤ ማግኘት ያለበት የአሮጌውን ስሕተት ነው። በእኔ ግምት የኢሙሌሽን ሳይንስ ከሌላው የኮምፒውተር ሥራ የሚለየው በዚህ ነው።

ሶኒ በ2011 የተመረጡ የፕሌይስቴሽን 2 ጨዋታዎችን በሶፍትዌር ብቻ እያስመሰለ በፕሌይስቴሽን 3 መደብር መሸጥ ጀመረ። ሊሆን እንደሚችል ያን ጊዜ ታየ፤ የሠሩት ግን ለሽያጭ የቀረቡት ብቻ ነበሩ።

ከማሽኑ ውጭ የቀረው

ማሽኑን ፍጹም ብናስመስለው እንኳ ከእርሱ ጋር የተጣመረው ቴሌቪዥን ይቀራል። በ1991 በወጣው በሴጋ «ሶኒክ ዘ ሄጅሆግ» ውስጥ ከገደል የሚወርደው ፏፏቴ በአንድ ነጥብ ርቀት እየተፈራረቁ በተሠመሩ ቀጥታ መስመሮች የተሣለ ነው። በድሮው ቴሌቪዥን ገመዱ ራሱ መስመሮቹን ያደበዝዛቸውና ውኃው ብርሃን የሚያሳልፍ ይመስላል። በዘመናዊ ጠፍጣፋ ስክሪን ላይ ግን እያንዳንዱ መስመር ጥርት ብሎ ይታይና ፏፏቴው የተሰቀለ ወንፊት ይሆናል። ሠዓሊው የሣለው ለገመዱ ድክመት ነበር። ስለዚህ ጥሩ ኢሙሌተሮች የገመዱንና የስክሪኑን ድብዘዛም በሒሳብ ያስመስላሉ።

«ዳክ ሀንት» በተባለው የዳክዬ አደን ጨዋታ ነገሩ ይብሳል። ተጫዋቹ የፕላስቲኩን ሽጉጥ ቃታ ሲስብ ስክሪኑ ለቅጽበት ይጠቁርና ዳክዬዋ ባለችበት ቦታ ነጭ ሳጥን ይታያል፤ ሽጉጡ ብርሃኑን ካየ ተመትታለች። ይህ የሚሆነው ሥዕሉ ከኮንሶሉ እንደወጣ ወዲያው በሚያበራ የድሮ ስክሪን ላይ ብቻ ነው። ጠፍጣፋ ስክሪን ሥዕሉን ለማሳየት ከሚዘገይበት ጥቂት ሚሊሰከንድ የተነሣ ብርሃኑ ሲመጣ ጨዋታው መልሱን ወስኗል። ኔንቲንዶ ይህን ጨዋታ በ2014 ዊ ዩ ለተባለው ኮንሶል ሲያቀርብ ሽጉጡን ትቶ በእጅ በሚያዝ መጠቆሚያ ለመተካት ተገድዷል።

ፍጥነትም ከቴሌቪዥን ጋር የተያያዘ ነው። በአሜሪካና በጃፓን የአናሎግ ቴሌቪዥን በሰከንድ 60 ጊዜ ሲታደስ፣ አብዛኛው አውሮፓና እኛም በተከተልነው ፓል በተባለው ሥርዓት 50 ጊዜ ነበር። ብዙ ጨዋታዎች ጊዜያቸውን የሚቆጥሩት በሥዕል ስለነበር ለፓል አገሮች ሲተላለፉ ሳይስተካከሉ ከቀሩ በስድስተኛ እጅ ይዘገዩ ነበር፤ ሙዚቃቸውም አብሮ ይጎተት ነበር። ሶኒ በ2018 «ፕሌይስቴሽን ክላሲክ» የተባለውን ትንሽ ኮንሶል 20 ጨዋታዎች ጭኖ ሲያወጣ፣ ከጃፓን ውጭ በተሸጠው ላይ ዘጠኙ እነዚህ የፓል ቅጂዎች ሆነው ተገኙ። ገዢዎች ክፉኛ ወቀሱት። የሚገርመው ግን ኩባንያው በውስጡ የተጠቀመበት ኢሙሌተር የራሱ አለመሆኑ ነው፤ ፒሲኤስኤክስ ሪአርምድ የተባለ፣ በጎ ፈቃደኞች የጻፉትና ማንም በነፃ የሚያገኘው ፕሮግራም ነው።

ይህ ወደ ባለቤትነት ጥያቄ ይወስደናል። በ1999 ኮኔክቲክስ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ የፕሌይስቴሽንን ዲስክ በማኪንቶሽ ኮምፒውተር ላይ የሚያጫውት ኢሙሌተር ሸጠና ሶኒ ከሰሰው። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በ2000 ማሽኑን ለመረዳት ሲባል የውስጥ ፕሮግራሙን ገልብጦ መመርመር ሕጋዊ እንደሆነ ፈረደ። ሶኒ በተከታዩ ዓመት ኢሙሌተሩን ራሱን ገዝቶ ከገበያ አወጣው። ኢሙሌተር መጻፍ አንድ ነገር ነው፤ ጨዋታውን ገልብጦ ማደል ግን ሌላ ነው። በአገራችንም በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን ጥበቃ ከሚደረግላቸው ሥራዎች መካከል ይቆጥራል።

ነገር ግን በሕጋዊ መንገድ የሚገዛበት ቦታ ሲጠፋስ? የዊ መደብር በጥር 2019፣ የዊ ዩና የ3ዲኤስ መደብሮች ደግሞ በመጋቢት 2023 ተዘግተዋል። በዚያው ዓመት የቪዲዮ ጌም ሂስትሪ ፋውንዴሽን ባወጣው ጥናት መሠረት ከ2010 በፊት በአሜሪካ ከወጡት ጨዋታዎች 87 በመቶው በማናቸውም መደብር አይሸጡም። ካርትሪጆቹ ያረጃሉ፤ በውስጣቸው የተጫዋቹን ሂደት የምትይዘው ባትሪ ታልቃለች፤ አሮጌዎቹን ቺፖች አዲስ አድርጎ የሚያመርት ፋብሪካ የለም። የሥዕሉ ቺፕ በስንተኛው ምት ላይ ምልክት እንደሚያነሣ የሚያውቀው ጽሑፍ፣ በአብዛኛው፣ የኢሙሌተሮቹ ፕሮግራም ራሱ ነው።

ሥራውን በእጁ ሊሞክረው የሚፈልግ ተማሪ ከኔስ አይጀምር። ጆሴፍ ዋይዝቤከር የተባለው መሐንዲስ በ1970ዎቹ ኮስማክ ቪአይፒ ለተባለው ትንሽ ኮምፒውተር ያዘጋጀው ቺፕ 8 የሚባል ቋንቋ አለ። እውነተኛ ቺፕ አይደለም፤ ከመጀመሪያው በሐሳብ የተፈጠረ ማሽን ነው። ትእዛዞቹ 35፣ ሬጅስተሮቹ 16፣ ሜሞሪው 4,096 ባይት፣ ስክሪኑ 64 በ32 ነጥብ ነው። ፓይተን ወይም ሲ የሚችል ሰው በአንድ ቅዳሜና እሑድ ሊጨርሰው ይችላል። በሰከንድ ስድሳ ጊዜ እየቀነሱ ወደ ዜሮ የሚቆጥሩ ሁለት ሰዓቶች አሉት። መጀመሪያ የሚያስቸግሩትም እነርሱ ናቸው።